የዛንዚባር ቤተ መንግሥቶችና የሐበሻዊቷ ልጅ

ስቶን ታውን በምትባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ፣ ባሕሩን ፊት ለፊት የሚያዩ ሦስት ሕንጻዎች ተጠጋግተው ቆመዋል። ከደቡብ ሲነሱ መጀመሪያ ምሽጉ ይገኛል፤ ቀጥሎ ቤት አል-አጃኢብ፣ ከዚያ የሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥት። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። አራተኛው ቦታ ከባሕሩ ራቅ ብሎ፣ በጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ ያለ ግቢ ነው፤ የባሪያ ገበያው የነበረበት። ጎብኚዎች ብዙ ጊዜ ቤተ መንግሥቱን ለውበቱ፣ ገበያውን ለሐዘኑ ብለው ለየብቻ ያዩአቸዋል። አራቱም ግን የአንድ ታሪክ ቁርጥራጮች ናቸው። ለኛ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ በዚህ ታሪክ መሐል የቆመች አንዲት ሴት አለች፤ ስለ እሷ በቦታው እደርሳለሁ። ዓመቶቹና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቫስኮ ዳ ጋማ በ1499 ከህንድ ሲመለስ በደሴቲቱ በኩል አለፈ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ፖርቱጋሎች ገባር አደረጓት፣ ባሕሩ ዳር ላይም ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። የዚሁ ሰው ልጅ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ በ1542 በአገራችን ምድር ነው የሞተው፤ ያኔ ቀይ ባሕርንና ህንድ ውቅያኖስን የሚያስተሳስረው የፖርቱጋሎች ኃይል ነበር። ዘመናቸው ያበቃው በ1698 ነው። የኦማን ዐረቦች ሞምባሳ ላይ ያለውን የኢየሱስ ምሽግ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከበው ያዙት። ዛንዚባርም በእጃቸው ገባች፣ እነሱም በቤተ ክርስቲያኑ ቦታ ላይ ዛሬ የምናየውን ምሽግ ገነቡ። ግንቡ ወፍራም፣ ቡናማና ጌጥ የሌለው ነው። ዛሬ ግቢው ውስጥ የሙዚቃና የፊልም ዝግጅት ይካሄድበታል። ከፍ ያለ ሕንጻ አይደለም፤ ለውበት የሚሠራ ሰው ገና ወደዚህች ደሴት አልመጣም ነበር።

ያ ሰው ሰኢድ ቢን ሱልጣን ነው። በ1806 ገና በወጣትነቱ የኦማንን ሥልጣን ያዘ። መስቀጥ ግን በረሃ ከኋላዋ፣ ጠላት ከየአቅጣጫው የከበባት ከተማ ነበረች። ዛንዚባር አረንጓዴ ናት፤ የዝሆን ጥርስ ከመሐል አፍሪካ የሚወርድባት፣ የነጋዴ ነፋስ በዓመት ሁለቴ አቅጣጫውን ቀይሮ መርከብ የሚያመጣላትና የሚወስድላት ወደብ ናት። ሰኢድ ከ1828 ጀምሮ እየተመላለሰ ከከተማዋ በስተሰሜን ምቶኒ የተባለውን ቤተ መንግሥት አሠራ፤ በከተማው ውስጥም ቤት አል-ሳሕልን ተከለ። በ1840 መናገሻውን ጨርሶ ወደ ዛንዚባር አዛወረ። የኦማን ንጉሥ አፍሪካ ላይ ተቀምጦ ዐረቢያን ያስተዳድር ጀመር።

ሀብቱ የመጣው ከቅርንፉድ ነው። ቅርንፉድ የሚባለው ያልፈካ የአበባ እንቡጥ ነው። ከፈካ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ቀኑን ጠብቆ፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ፣ ዘለላ በዘለላ በእጅ መልቀም ያስፈልጋል። ከዚያ ምንጣፍ ላይ ይሰጣል፣ በየጊዜው ይገላበጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ይሰበሰባል። ይህ ሁሉ ብዙ እጅ ይፈልጋል። ሰኢድ መሬት ያለው ሁሉ ቅርንፉድ እንዲተክል ሲያዝ፣ በዚያው ትእዛዝ ከዋናው ምድር በሰንሰለት የሚመጡትን ሰዎች ቁጥር አበዛ። በዘመኑ ግምት በየዓመቱ እስከ 20,000 ሰው በዛንዚባር ገበያ ያልፍ ነበር፤ ከፊሉ በደሴቶቹ እርሻ ላይ ይቀራል፣ የቀረው ወደ ዐረቢያና ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ይጫናል። አሜሪካኖች በ1833 ውል ተዋውለው አቡጀዲ እያመጡ የዝሆን ጥርስ ይወስዱ ነበር። ሒሳቡ የሚሠራው እኛም በምናውቀው በማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ነው።

የከተማዋ ቤቶች አሠራር ዛሬም ይህን ዘመን ያሳያል። ግድግዳው የኮራል ድንጋይ ነው፤ ከባሕር ዳር ተቆፍሮ በኖራ የተያያዘ። ጣሪያውን የሚሸከመው ከባሕር ረግረግ የሚቆረጥ የማንግሮቭ አጣና ነው። የአጣናው ርዝመት ውሱን ስለሆነ ክፍሎቹ ሁሉ ጠባብና ረጃጅም ናቸው፤ ቤቱ የሱልጣንም ይሁን የነጋዴ ከአጣናው አይሰፋም። ባለጸጋው ሀብቱን የሚያሳየው በበሩ ነው። በሩ ላይ ከህንድ የመጣ ልማድ የሆነው ሹል የነሐስ ጉብጉብ ተደርድሮበታል፤ በመቃኑ ዙሪያ ደግሞ አበባ፣ የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ጥለት፣ አንዳንዱም ላይ ከታች እስከ ላይ የተቀረጸ ሰንሰለት ይታያል። የቅርጹን አንጓ አንድ በአንድ በጣት መከተል ይቻላል። አናጢው አንጓዎቹን እርስ በርስ እያቆላለፈ ነው የቀረጻቸው፤ ከእንጨት የተሠራ ሰንሰለት መሆኑን ለመርሳት ትንሽ ነው የሚቀረው።

የሰኢድን ቤት ከውስጥ የምናውቀው ከልጁ ከሳልሜ ነው። ሳልሜ በ1844 ምቶኒ ተወለደች። በኋላ በጀርመንኛ በጻፈችው ትዝታ ግቢውን ትገልጸዋለች፦ ጣዎስ፣ ሚዳቋና ሰጎን የሚንጎራደዱበት ሰፊ አደባባይ፣ ከሺህ በላይ ሰው የሚኖርበት። አባቷ ሲሞት 36 ልጆች በሕይወት እንደነበሩና ሁሉም ከዕቁባቶች የተወለዱ መሆናቸውን ትነግረናለች። ዕቁባቶቹ በገንዘብ የተገዙ ሴቶች ናቸው። ከፊሎቹ እንደ ሳልሜ እናት ከካውካሰስ የመጡ ቸርከሶች፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሐበሾች ነበሩ። በእስልምና ሕግ ከጌታዋ የወለደች ዕቁባት አትሸጥም፤ ጌታዋ ሲሞት ነጻ ትወጣለች፤ ልጇም ከማንኛውም ልጅ እኩል ወራሽ ነው። ልጆቹ ግን በእናቶቻቸው ወገን ይቧደኑ ነበር። ጥቁር እናት ያላቸው ወንድሞችና እህቶች የቸርከሶቹን ልጆች፣ አንዳንዶቹ ዐይናቸው ሰማያዊ በመሆኑ፣ «ድመቶች» ይሏቸው እንደነበር ሳልሜ ጽፋለች።

ከነዚያ ሐበሾች አንዷ በ1837 አካባቢ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙ ባርጋሽ ተባለ። ዛሬ የዛንዚባር ፎቶግራፍ ሲነሳ የሚታየውን ታላቅ ቤት ያሠራው እሱ ነው። የአጃኢብ ቤት የሐበሻዊት ልጅ ሥራ ነው።

እንዲህ ያለች ሴት በምን መንገድ እዚያ እንደምትደርስ የአገራችን ታሪክ ይነግረናል። በዚያ ዘመን «ሐበሻ» ተብለው በዐረቢያ የሚሸጡት አብዛኞቹ ከደቡብና ከምዕራብ የተነጠቁ ነበሩ፤ ኦሮሞ፣ ሲዳማ፣ ጉራጌ እና ሌሎችም። በጦርነት የተማረኩ፣ በሌሊት ከደጃፋቸው የታፈኑ፣ ለግብር የተሰጡ ልጆች ነበሩ፤ ሴቶቹም ብዙውን ጊዜ ገና ያልጎለመሱ። ጎጃም ውስጥ በባሶ፣ ሸዋ ውስጥ በአልዩ አምባ አጠገብ ባሉት ገበያዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፉ ወደ ምጽዋ፣ ወደ ታጁራ፣ ወደ ዘይላና በርበራ ይወርዱ ነበር። ከዚያ ጀልባ ነው። ባሕሩ ላይ ያለው ነጋዴ ዐረብ ወይም ሱማሌ ሊሆን ይችላል፤ ደጋ ላይ የሸጣት ግን የኛው ሰው ነው። ይህን ሳንናገር የዛንዚባርን ገበያ ብቻ መውቀስ ለኔ ትክክል አይመስለኝም።

ሰኢድ በጥቅምት 1856 ከመስቀጥ ሲመለስ በሲሼልስ አቅራቢያ መርከብ ላይ ሞተ። ባርጋሽ አብሮት ነበር። ዛንዚባር ለልጁ ለማጂድ፣ ኦማን ለሌላው ልጁ ለቱዌይኒ ደረሰች፤ በ1861 እንግሊዞች ባሉበት ሁለቱ አገሮች ለየብቻ ተከፈሉ። ባርጋሽ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1859 ወንድሙን ማጂድን ለመገልበጥ አሤረ። ደብዳቤዎቹን የምትጽፍለት የ15 ዓመቷ ሳልሜ ነበረች። ሴት ልጅ ማንበብ እንጂ መጻፍ በማትማርበት ቤት፣ የግመል የትከሻ አጥንት ላይ የቁርኣን ፊደል እየገለበጠች ራሷን በስውር አስተምራ ነበር። ሤራው ሲደረስበት የማጂድ ወታደሮች የባርጋሽን ቤት ከበቡት። እህቶቹ ገብተው፣ እንደ ሴት አልብሰውና ተከናንቦ በመሐላቸው አቁመው፣ በወታደሮቹ ፊት ይዘውት ወጡ። በኋላ ገጠር ባለ እርሻ ላይ መሽጎ ሲዋጋ እንግሊዞች ገብተው አሸነፉት፤ ተይዞም ወደ ቦምቤ ተሰደደ።

ሳልሜ ከዚህ በኋላ በቤተሰቡ መሐል ብቻዋን ቀረች። ከጎረቤት ከሚኖር ጀርመናዊ ነጋዴ ጋር ተዋደደች፤ ስታረግዝ በ1866 በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ኤደን አመለጠች። እዚያ ተጠምቃ ኤሚሊ ሩዌተ ሆነች። ባሏ በ1870 ሃምቡርግ ውስጥ በትራም አደጋ ሲሞት ሦስት ሕፃናት ይዛ ቀረች። በ1886 ያሳተመችው ትዝታ አንዲት ዐረብ ሴት ስለ ራሷ ሕይወት ካሳተመቻቸው የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አንዱ ነው። ያ መጽሐፍ ባይኖር ኖሮ ምቶኒ ዛሬ ፍርስራሽ ግድግዳ ብቻ በሆነ ነበር።

ማጂድ በ1870 ሲሞት ከስደት የተመለሰው ባርጋሽ ነገሠ። አጀማመሩ አላማረም። በሚያዝያ 1872 ማዕበል ነፋስ ደሴቲቱን መታ፤ የቅርንፉዱን ዛፎች ነቀለ፣ ወደቡ ላይ የነበሩትን መርከቦች ሰባበረ። ገና ሳያገግም በጥር 1873 ሰር ባርትል ፍሬር የባሪያ ንግድን የሚከለክል ውል ይዞ ከለንደን መጣ። ባርጋሽ አልፈርምም አለ። ሀብቱም መኳንንቱም የተንጠለጠሉት በዚያ ንግድ ላይ ነው። ፍሬር ከሄደ በኋላ የእንግሊዙ ቆንስል ጆን ከርክ መርከቦች ወደቡን ይዘጋሉ ሲል አስጠነቀቀው፤ በ5 ሰኔ 1873 ፈረመ። ገበያው ተዘጋ። በባርነት የተሸጠች ሴት የወለደችው ልጅ የገበያውን መዝጊያ ፈረመ፤ ግን ተገዶ ነው። ሰው የእናቱን ዕጣ ያስባል ብዬ ተስፋ ማድረግ ደስ ይለኛል፤ ታሪኩ ግን ይህን አይሰጠኝም።

በገበያው ቦታ ላይ አንግሊካኖች በዚያው ዓመት ካቴድራል መሥራት ጀመሩ። መሠዊያው የቆመው ሰዎች ይገረፉበት የነበረው ግንድ በነበረበት ቦታ ነው ይባላል። በውስጡ የተሰቀለው መስቀል የባሪያ ንግድ ተቃዋሚው ሚስዮናዊ ዴቪድ ሊቪንግስተን ከሞተበት መንደር፣ ልቡ ከተቀበረበት ዛፍ የተሠራ ነው። ሊቪንግስተን የሞተው በ1 ግንቦት 1873 ነው፤ ውሉ ሲፈረም አልደረሰም። ግቢው ውስጥ አስጎብኚዎች ጣሪያው ዝቅ ወዳለ ምድር ቤት ያስገባሉ፣ ባሮቹ የሚታጎሩበት ነበር ብለው። ሕንጻው ገበያው ከተዘጋ በኋላ የተሠራ በመሆኑ ይህን የማይቀበሉ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔም ከነሱ ጋር ነኝ። ለሐዘን የፈጠራ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ በግቢው ያለው ሐውልት ይበቃል። ስዊድናዊቷ ክላራ ሶርናስ የሠራችው ነው፤ አምስት የድንጋይ ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ጉድጓድ ውስጥ ቆመዋል፣ አንገታቸው በሰንሰለት ተያይዟል። ሰዎቹ ድንጋይ ናቸው፤ ሰንሰለቱ ግን የያኔው እውነተኛ ብረት ነው። ዝገቱ በአንገታቸው ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ይወርዳል።

ባርጋሽ በስደት ቦምቤን አይቷል፣ በ1875 ደግሞ ለንደንን ጎብኝቷል። ያየውን ይዞ መጣ። ከምንጭ ወደ ከተማው የቧንቧ ውኃ አስገባ፣ ሕዝብ የሚታጠብበትን የሐማምኒ መታጠቢያ ቤት አሠራ፣ ከከተማው ውጭም ማሩሁቢን የመሰሉ ቤተ መንግሥቶች ተከለ። በ1883 ቤት አል-አጃኢብ ተጠናቀቀ። የማንግሮቭ አጣና የወሰነውን ስፋት የብረት ተሸካሚ ጣሰው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በከተማዋ ሰፊ አዳራሽ ተሠራ። ዙሪያውን በየፎቁ በረንዳ አለ፣ በረንዳውን ከውጭ አገር የመጡ ቀጫጭን የብረት ዓምዶች ይሸከሙታል። ወለሉ እብነ በረድ፣ በሮቹ በወርቅ ቀለም የተጻፈ የቁርኣን ቃል የተቀረጸባቸው ናቸው። በዛንዚባር መጀመሪያ የኤሌክትሪክ መብራት የበራው እዚህ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካም የመጀመሪያው አሳንሰር የሠራው እዚሁ። ቤቱ ለመኖሪያ አልነበረም፤ ለክብረ በዓልና ለእንግዳ መቀበያ ነበር። ከጎኑ ካሉት ቤት አል-ሑክምና ቤት አል-ሳሕል ጋር በፎቅ ላይ መተላለፊያ ይገናኝ ነበር፣ የቤተ መንግሥቱ ሴቶች መንገደኛ ሳያያቸው እንዲያልፉ።

ቤቱ ሲያምር አገሩ ይሸራረፍ ነበር። ጀርመኖች በ1885 በዋናው ምድር ላይ ያለውን ግዛት መውሰድ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ሳልሜ ከጀርመን መርከቦች ጋር ለጉብኝት መጣች፤ በአንድ ወቅት የሤራውን ደብዳቤዎች የጻፈችለት ወንድሟ ሊቀበላት አልፈለገም። ባርጋሽ በ1888 ሞተ። በ1890 ዛንዚባር የእንግሊዝ ጥገኛ ግዛት ሆነች።

በ25 ነሐሴ 1896 ሱልጣን ሐማድ ሲሞት የባርጋሽ ልጅ ኻሊድ እንግሊዞችን ሳያማክር ወደ ቤተ መንግሥቱ ገብቶ ዙፋኑን ያዘ። ከሁለት ሺህ በላይ ሰው ከጎኑ ተሰለፈ። እንግሊዞች ለዙፋኑ የፈለጉት ግን ሌላውን ልዑል ሐሙድን ነበር። አምስት የጦር መርከብ በቤተ መንግሥቱ ፊት አቆሙና ለ27 ነሐሴ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ቀጠሮ ሰጡት። 3 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ላይ መድፉ ተከፈተ። 38 ደቂቃ ያህል ቆየ። ቤት አል-ሑክም ፈረሰ፣ በቤት አል-አጃኢብ ፊት የነበረው የመብራት ማማ ወደቀ፣ ግላስጎው የተባለችው የሱልጣኑ መርከብ ሰጠመች። ከቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ 500 የሚሆኑ ሰዎች ሞቱ ወይም ቆሰሉ፤ ከእንግሊዞቹ አንድ መርከበኛ ብቻ ቆሰለ። ይህ የሆነው ዓድዋ በተደረገበት በዚያው ዓመት፣ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። መጻሕፍት ይህን የዓለም አጭሩ ጦርነት እያሉ እንደ መደነቂያ ይጠቅሱታል፤ እነዚያን 500 ሰዎች ለሚያስብ ግን የሚያስደንቅ ነገር የለውም።

ኻሊድ ወደ ጀርመን ቆንስላ አምልጦ ወደ ዳሬሰላም ተሻገረ፤ እንግሊዞች በ1916 ይዘው ቅድስት ሄለና እና ሲሼልስ አጋዙት፤ ሞምባሳ ውስጥ በ1927 ሞተ። ዙፋኑን የያዘው ሐሙድ በ1897 ባርነትን በሕግ ሻረ። ቤት አል-አጃኢብ ተጠግኖ በፊቱ የሰዓት ማማ ተተከለለት፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የእንግሊዝ አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሆነ። ቤት አል-ሳሕል ታድሶ የሱልጣኖቹ መኖሪያ ሆኖ ቀጠለ።

ከ1911 እስከ 1960 የነገሠው ኸሊፋ ቢን ሐሩብ የኖረበት ቤት ዛሬ የቤተ መንግሥት ሙዚየም ነው። ሲገቡ ከታች የሰኢድ ዘመን ውሎችና ለሳልሜ የተሰጠው ክፍል አለ፤ ከላይ የባርጋሽ ዘመን፣ ከዚያ በላይ ኸሊፋና ሁለቱ ሚስቶቹ የኖሩባቸው ክፍሎች። የሁለቱ ሴቶች ምርጫ ፈጽሞ የተለያየ ነው፤ በአንዱ ክፍል የተቀረጸ ከባድ እንጨት፣ በሌላው የ1950ዎቹ ፎርማይካ። ንግሥና ወደ ተራ የቤት ዕቃ ሲወርድ የሚታይበት ክፍል ስለሆነ ብዙ ሰው ፈጠን ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከዙፋኑ ይልቅ እሱ ይነግረኛል።

በ10 ታኅሣሥ 1963 ዛንዚባር በሱልጣን ጃምሺድ ሥር ነጻ ወጣች። አንድ ወር ከሁለት ቀን ቆይቶ፣ በ12 ጥር 1964፣ አብዮት ፈነዳ። ሱልጣኑ በመርከቡ አመለጠ። በሺዎች የሚቆጠሩ ዐረቦችና ህንዶች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ በዘራቸው ብቻ። የቅርንፉዱ እርሻና የገበያው ሰንሰለት ያጠራቀሙት ቂም ነበር፤ ግን የፈሰሰው ባብዛኛው ገበያውን አይተው በማያውቁ ሰዎች ላይ ነው። በ26 ሚያዝያ ደሴቶቹ ከታንጋኒካ ጋር ተዋሐዱ። የሱልጣኑ ቤት የሕዝብ ቤተ መንግሥት ተባለ፤ በ1994 ሙዚየም ሆነ። ቤት አል-አጃኢብም ከ2000 ወዲህ የስዋሂሊ ባሕል ሙዚየም ሆነ፤ በመሐል አዳራሹ ሚስማር የሌለባት፣ ሳንቃዎቿ በኮኮናት ገመድ የተሰፉ ጀልባ ቆማ ነበር። ከተማዋ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባች።

መዝገቡ ግን ከባሕር እርጥበት አያድንም። ኮራል ድንጋይ ውኃ ይጠጣል፣ ብረት ይዝጋል። በ2012 የበረንዳው አንድ ክፍል ወደቀ፣ ሙዚየሙም ተዘጋ። በ25 ታኅሣሥ 2020፣ በኦማን መንግሥት ድጋፍ በመታደስ ላይ ሳለ፣ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ከሰዓት ማማው ጋር ተደርምሶ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ከሦስት ወራት በፊት የመጨረሻው ሱልጣን ጃምሺድ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ እንግሊዝ አገር ኖሮ፣ ወደ ኦማን ገብቶ ነበር።

ቤቱ እንደገና ሲቆም ሰዓቱና ዓምዶቹ ብቻ ሳይሆኑ ታሪኩም ተስተካክሎ ቢገባበት እወዳለሁ። ለሳልሜ ክፍል እንደተሰጣት ሁሉ፣ ከካውካሰስና ከሐበሻ ምድር ተሸጠው መጥተው የሱልጣኖች እናት ለሆኑት ሴቶችም ክፍል ይሰጥ፤ በግድግዳው ላይም ከባሶ እስከ በርበራ፣ ከበርበራ እስከ ዛንዚባር ያለው መንገድ በካርታ ይሣል። ካርታውን ለመሥራት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ታሪክ አዋቂ አይጠፋም።